ክርን ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ፦ ሳይታይ አይቀባ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ክርን ደግሞ ለመደበቅ ይመቻል፤ እጅጌ ይሸፍነዋል፣ ጋቢ ይሸፍነዋል። እዚህ አፉላ ያለን ወላጆች ክርናችን ላይ ደቃቅ የሚያሳክክ ነገር ሲወጣብን መጀመሪያ እናካለን፤ ቀጥሎ ጎረቤት የሰጠችንን ቅባት እንሞክራለን። ኩፓት ሆሊም የምንሄደው ቆዳው ከጠቆረና ከወፈረ በኋላ ነው።

ችግሩ ክርን ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሁሉ አንድ በሽታ አለመሆኑ ነው። አንዱን የሚያድነው ቅባት ሌላውን ይሸፍነዋል ወይም ያባብሰዋል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን እንያቸው። ራሳችንን እንድናክም ሳይሆን ለሐኪሙ በደንብ መንገር እንድንችል ነው።

በክርን መታጠፊያ ከሆነ

ክንድ ሲታጠፍ በሚገናኘው የውስጥ ክፍል ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ችፌ ነው፤ ሐኪሞች ኤግዜማ ይሉታል። ቆዳው ይደርቃል፣ ደቃቅ ሽፍታ ያወጣል፣ ያሳክካል። በቤተሰቡ ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የዒሜቅ የበጋ ላብ፣ የክረምት ማሞቂያና በጣም የሞቀ ውሃ ያባብሱታል። በጽዳት ሥራ ላይ ያሉ እናቶቻችን የሚነኩት ኤኮኖሚካም ቆዳን ያስቆጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ስለ ችፌ ሲነገር «ቆዳው ይቀላል» ይባላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ጠቆር ያለ፣ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ይኖረዋል። ሐኪሙ ቀይ ነገር ስላላየ ቀላል ነው ብሎ እንዳያልፈው፣ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ በቃላችሁ ንገሩት።

ሕክምናው ለብ ባለ ውሃ ቶሎ መታጠብ፣ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ቅባት ገላ እንደታጠቡ ወዲያው መቀባት፣ ሐኪም ያዘዘውን የኮርቲዞን ቅባት ደግሞ ለታዘዘው ቀን ብቻ መጠቀም ነው።

በክርን ጫፍ ከሆነ

ጠረጴዛ በምንደገፍበት በውጭው በኩል ወፍራም፣ ነጣ ያለ ቅርፊት የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሶራይሲስ ነው። ጉልበትና የራስ ቆዳ ላይም ይወጣል፤ ጥፍርን ያበላሻል፤ አንዳንዱን ሰው መገጣጠሚያውን ያመዋል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲያዩ «ለምጽ ነው» ብለው ይደነግጣሉ። ለምጽ አይደለም፤ በመጨባበጥም፣ በአንድ መሶብ በመብላትም አይተላለፍም። ቅባት፣ የብርሃን ሕክምና፣ ሲጠናም ክኒንና መርፌ አለው። ከዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ የተያዙ ሰዎች ለመታከም ወደ ጨው ባሕር፣ ወደ ዔን ቦቄቅ የሚመጡት ፀሐዩና ውሃው ስለሚረዳቸው ነው።

እዚያው የክርን ጫፍ ላይ ውሃ የቋጠሩ፣ በጣም የሚያሳክኩና የሚያቃጥሉ ትንንሽ ነጠብጣቦች በሁለቱም ክርን፣ በጉልበትና በመቀመጫ ላይ ከወጡ ግን ምክንያቱ ምግብ ሊሆን ይችላል። ይህ ጸሊያክ ከሚባለው በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰውነት በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለውን ግሉተን አይቀበልም። ጤፍ ግሉተን የለውም። ግን እንጀራችሁን ከስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅላችሁ የምትጋግሩ ከሆነ አለው፤ የሰንበት ዳቦም አለው። የደም ምርመራ ሳይደረግ ዳቦ አታቁሙ፤ ካቆማችሁ ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል።

ሌሊት ከባሰና ቤተሰቡን ሁሉ ካሳከከ

ይህ እከክ ሊሆን ይችላል። በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ ገብታ እንቁላል ስትጥል የሚመጣ ነው። በጣት መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በክርን፣ በወገብ ዙሪያ ይወጣል። መጀመሪያ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ እስከዚያ ለሌላው ያስተላልፋል። እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ አይደለም። ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበት ሁሉ ይገባል፤ በ2015 እና በ2016 በአማራ ክልል በድርቁ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል። እዚህም ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወይም ከጦር ሠፈር ለሰንበት የሚመጣ ልጅ ሊያመጣው ይችላል።

መድኃኒቱ ፐርሜትሪን 5% የሚባል ቅባት ነው። ከአንገት እስከ እግር ጣት ይቀባል፣ ያድራል፣ ጠዋት ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ዋናው ነገር በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መቀባቱ ነው። ልብስና አንሶላ በ60 ዲግሪ ይታጠብ። ተባዩ ከሞተ በኋላም ማሳከኩ ጥቂት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል «አልሠራም» ብላችሁ በየቀኑ አትቀቡ።

ከየት እንደመጣችሁ ንገሩ

የእስራኤል ሐኪሞች ከቋራ በመጡ ወገኖቻችን ላይ ችፌ የሚመስል፣ ግን ሌላ የሆነ የቆዳ በሽታ አግኝተዋል። ኦንኮሰርሲያሲስ ይባላል። ፈጣን ወንዝ አጠገብ የምትራባ ጥቁር ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው ትል ነው፤ ትሉ በሰውነት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። አይቨርሜክቲን የሚባለው ክኒን ይረዳል። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት ከቋራ ወይም ከመተማ የመጣችሁ፣ ወይም እዚያ ቆይታችሁ የተመለሳችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

ከሰው የተገኘ ቅባት

ከገበያ የሚገዙ ወይም ከአገር ቤት የሚላኩ አንዳንድ የፊት ማቅሊያ ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ኮርቲዞን አለ። ሲቀባ ማሳከኩ ያርፋል፣ ሰውም ዳንኩ ይላል። ጭርት ወይም እከክ ከሆነ ግን ከሥር ይስፋፋል፤ ብዙ ሲቆይም ቆዳን ያሳሳል።

ቄስ አባቴ ኦሪት ሲያስተምሩን ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ ሲደርሱ ቀስ ብለው ያብራሩ ነበር። እዚያ ካህኑ የቆዳውን ምልክት ሳያይ አይፈርድም፤ ካልለየለት ሰባት ቀን አቆይቶ እንደገና ያያል። የዛሬ ሐኪምም እንዲሁ ነው፤ ማየት አለበት፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ።

ስትሄዱ

መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ፤ ካስፈለገ ወደ ሮፌ ዖር፣ ወደ ቆዳ ሐኪም፣ ይልካችኋል። የተቀባችሁትን ቅባት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ሽፍታው ሲወጣና ሲጠፋ ከሆነ በወጣበት ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት። መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ክርኑ አብጦ ከሞቀ ቀጠሮ አትጠብቁ።

አስተርጓሚ ለማድረግ የልጅ ልጃችሁን አትውሰዱ። መቀመጫችሁ ላይ ስለወጣ ሽፍታ በልጅ አፍ እንዴት ይነገራል? በ2011 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በሽተኛው በሚገባው ቋንቋ ማገልገል እንዳለባቸው ተደንግጓል። «አማርኛ የሚናገር ሰው፣ በስልክም ቢሆን፣ ይገናኝልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ልመና አይደለም፣ መብታችሁ ነው።