አዲስ ቦዲ ልግዛ ወይስ ይቅር? በቦሌ ፎቶ አንሺዎች መካከል የሚወራውና እውነታው

ጥር ሲቃረብ ከቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ እስከ ገርጂ፣ ሲኤምሲና አያት ድረስ በሰርግ ፎቶ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ወሬያቸው ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላል፤ የካሜራውን ቦዲ (ያለ ሌንሱ) እንቀይር ወይስ ያለው ይበቃል? ሙሽሮችም ቀን ሲያስይዙ «በምን ካሜራ ነው የምታነሱት?» ይላሉ። ጥያቄው ዛሬ ከመቼውም በላይ ከባድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ገበያ ላይ ሲወጣ 2,500 ዶላር ገደማ የተተመነው ካኖን አር6 ማርክ 2 በቀድሞው ተመን 142,500 ብር ይሆን ነበር። በ100 ብር እንኳ ሲሰላ 250,000 ብር ነው፤ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። ይህን ያህል ገንዘብ ከወጣት ባለሙያ ኪስ በወሬ ብቻ ሲወጣ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ወሬውን ከእውነታው እንለይ። ከዚህ በኋላ ዓመተ ምሕረት የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ሜጋፒክስል ሲበዛ ፎቶው ይጠራል»

ይህ እምነት ከሁሉም በላይ የተስፋፋ ነው፤ መልሱ ግን አጭር ነው። በጥሩ ጥራት የሚታተም ኤ4 ገጽ የሚጠይቀው 9 ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ የአልበም ገጽ 17 ገደማ ይበቃዋል። በ2012 የወጣው ካኖን 6ዲ 20.2 ሜጋፒክስል አለው። የባራክ ኦባማ የመጀመሪያ ይፋዊ የፕሬዚዳንትነት ፎቶ በጥር 2009 የተነሳው በካኖን 5ዲ ማርክ 2 ነው፤ 21 ሜጋፒክስል ባለው ካሜራ። ሙሽሮች ደግሞ አብዛኛውን ፎቶ የሚያዩት ስልክ ላይ ነው። በቴሌግራም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ገና ሲላክ ይጨመቃል፤ ያኔ የ20 እና የ45 ሜጋፒክስል ልዩነት ከነጭራሹ ይጠፋል።

ሌላም ወጪ አለ። የ45 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ የሮው ፋይል 50 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል። በአንድ ሰርግ 3,000 ፎቶ ያነሳ ሰው 150 ጊጋባይት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ኮምፒውተሩ ይህን ካልቻለ ቀጣዩ ግዢ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ሃርድ ዲስክ ይሆናል። ፎቶ ቆርጦ ማስቀረት ለሚያበዛ፣ ለማስታወቂያ ዕቃና ምግብ ለሚያነሳ ሰው ብዙ ሜጋፒክስል ይጠቅማል። ለሰርግ አልበም ግን ቦዲ ለመቀየር ምክንያት አይሆንም።

«አዳራሹ ጨለማ ነው፤ አዲሱ ካሜራ ጨለማ አይፈራም»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ በኩል ነውና።

ማታ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ጠጋ ብለን እንየው። ሙሽራዋ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ካባ ደርባ መድረክ ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ ያለው ትልቅ ስክሪን ሐምራዊ ብርሃን ይለቃል፤ የጣሪያው አምፖል ቢጫ ነው፤ የቪዲዮ ባለሙያው ፊት ለፊት ያቆመው ኤልኢዲ ደግሞ ነጭ። አንዱ ጉንጯ ሐምራዊ፣ ሌላው ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ካሜራ ለአንድ ፎቶ የሚመርጠው አንድ ዋይት ባላንስ ነው፤ ስለዚህ የ2012ቱም ሆነ የዘንድሮው ካሜራ ይህን ፊት በራሱ አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው ፎቶ አንሺው የሚያመጣው ብርሃን ነው። ፍላሹን ወደ ነጭ ጣሪያ ወይም ግድግዳ አዙሮ መተኮስ፣ ካልሆነም ሶፍት ቦክስ በረዳት ማስያዝ፣ የፊቱን ቀለም ከስክሪኑ እጅ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሌንስ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ሲረዝም ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከእርሱ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በመጀመሪያው ሌንስ አይኤስኦ 12,800 የሚጠይቅ ቦታ በሁለተኛው 1,300 አካባቢ ይነሳል። ይህ ሌንስ በ2015 ሲወጣ ዋጋው 125 ዶላር ነበር፤ የአር6 ማርክ 2 ዋጋ ሃያኛ እጅ ማለት ነው። በ6ዲ እና ከእርሱ ስምንት ዓመት በኋላ በመጣው አር6 መካከል በከፍተኛ አይኤስኦ ያለው የኖይዝ ልዩነት ግን ከአንድ ስቶፕ ብዙም አይበልጥም፤ ማለትም ሁለት እጥፍ ብርሃን አካባቢ። አሥር እጥፍን በትንሽ ገንዘብ ማግኘት እየተቻለ ሁለት እጥፍን በሩብ ሚሊዮን ብር መግዛት ምን ይሉታል?

በዚያ ላይ ለድሮ ፋይሎችም መድኃኒት ተገኝቷል። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ላይትሩም በሚያዝያ 2023 ኖይዝ የሚቀንስ አዲስ መሣሪያ ሲጨምር የአሥር ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ካሜራዎች የሮው ፋይሎችም አብሮ ጠቅሟል። ቅድመ ሁኔታው በጄፔግ ሳይሆን በሮው ማንሳት ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

አዲሱ ካሜራ ይዞት የሚመጣ ችግርም አለ፤ ሲሸጥ ግን አይነገርም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲደርስ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሮኒክ ሻተር ያጓጓል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃሉ። አብዛኞቹ ሚረርለስ ካሜራዎች በዚህ ሻተር ሴንሰሩን ከላይ እስከ ታች የሚያነቡት ቀስ ብለው ነው፤ በዚያ መሃል አምፖሉ ደምቆ ደብዝዞ ስለሚሄድ ነጩ ግድግዳና ነጩ ልብስ ላይ ጥቁር መስመሮች ይሰለፋሉ። በኤዲቲንግ ማስወገዱ እጅግ አድካሚ ነው። ሜካኒካል ሻተርና የሰከንድ 1/100 ወይም 1/50 ፍጥነት ከዚህ ያድናሉ።

«የእኛን የቆዳ ቀለም በደንብ የሚያወጣው አዲሱ ነው»

ይህ እምነት የመጣው ከባዶ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ በዚያ መመዘኛ ተበድሏል። በዛሬው ዲጂታል ካሜራ ግን ፊትን የሚያጠቁረው በአብዛኛው የካሜራው ዕድሜ አይደለም፤ መለኪያው ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ፍሬሙ በሐበሻ ቀሚስ፣ በነጠላና በቬሎ ሲሞላ «በጣም በርቷል» ብሎ ብርሃን ይቀንሳል፤ ልብሱ ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ጭልም ያለ ይሆናል። አንድ ስቶፕ ያህል መጨመር፣ የጥልፉ ዝርዝር እንዳይቃጠል ሂስቶግራሙን ማየት፣ ያ ብቻ ብዙ ፎቶ ያድናል።

የቦሌ ፀሐይም ከካሜራ በላይ ትወስናለች። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሚያዝያ መጀመሪያ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉ ሰርጎች በስድስት ሰዓት ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ ይይዛል። ያንኑ ጥንድ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ማንሳት ከማንኛውም ቦዲ የተሻለ ለውጥ ያመጣል። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችውን የፎቶ ባለሙያዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች የሚያይ ሰው ይህን ይረዳል፤ ቀለሙም ብርሃኑም ሻተሩ ከመጫኑ በፊት የተወሰነ ነው።

ለአዲሶቹ የሚገባቸውን ግን አልነፍግም። 5ዲ ማርክ 2 እና ማርክ 3 ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ጥላውን በኤዲቲንግ ሲያነሱት መስመር መስመር የሆነ ኖይዝ ይወጣል። አዲሶቹ ሴንሰሮች በዚህ በኩል በግልጽ ይበልጣሉ። የሚረርለሱ ቪውፋይንደርም ፎቶው ሳይነሳ በፊት ፊቱ ጨልሞ እንደሆነ ያሳያል።

«ሚረርለስ ካልያዝክ ጊዜው አልፎብሃል»

ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን በትክክል ማወቅ ደግሞ ውሳኔውን ያቀልላል።

6ዲ ያለው የፎከስ ነጥብ 11 ብቻ ነው፤ ከእነርሱም ጠንካራው የመሃሉ አንዱ ነው። በኤፍ 1.8 ሌንስ እስክስታ የሚወርድ ሰው ሲነሳ ፎከሱ ከዓይን ወደ ጆሮ ለመንሸራተት ቅጽበት ይበቃዋል። የዓይን ፎከስ ያላቸው እንደ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 እና አር6 ያሉት ካሜራዎች ዓይኑን ራሳቸው ፈልገው ይከተላሉ። ሰርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው።

ከዚያ በላይ የማስቀድመው ግን ሁለት የካርድ ማስገቢያ ነው። ቃል ኪዳን ሁለተኛ አይደገምም። 6ዲ አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያ ካርድ ከተበላሸ የአንድ ቤተሰብ ቀን አብሮ ይጠፋል። በዋና ካሜራነት አንድ ካርድ ብቻ ይዞ በሰርግ ላይ የሚሠራ ሰው ቢቀይር እመክራለሁ። ካኖን ኢኦኤስ አር በ2018 በሚረርለስነት ቢወጣም ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ መሆን ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ቪዲዮ የሚቀርጹም ምክንያት አላቸው፤ ብዙዎቹ የድሮ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ መቅረጽ ያቆማሉ፤ የሽማግሌዎች ምርቃት ግን ሰዓት አይቆጥርም።

በሌላ በኩል 6ዲ በፋብሪካ መለኪያ በአንድ ባትሪ ከ1,000 በላይ ፎቶ ያነሳል፤ አር6 በቪውፋይንደር ከ400 ያነሰ። በተግባር ሁለቱም ከዚህ ይበልጣሉ፤ ቢሆንም ሚረርለስ የገዛ ሰው ተጨማሪ ባትሪ ከዋጋው ጋር ይደምር።

ሌንስስ? የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በካኖን አዳፕተር አር ካሜራዎች ላይ በደንብ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ሌንስን በርካሽ ለመሸጥ መቸኮል አያስፈልግም። ኒኮን ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በኤፍቲዜድ አዳፕተር የድሮዎቹ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ፎከስ በእጅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቦዲው ምን እንዳጎደለ የሚነግረው የራስ ሥራ ነው። ያለፉትን ጥቂት ሰርጎች ፎቶ ከመሰረዝ በፊት የተጣሉትን በምክንያት ለዩዋቸው። እጅ ወይም ሰው ተንቀሳቅሶ የደበዘዙት ሻተር ፍጥነትና ሌንስ ይፈልጋሉ። ፊት የጠቆረባቸው ብርሃንና መለኪያ። ዓይን የተከደነባቸው ትዕግሥት። ፎከሱ ጆሮ ወይም ጀርባ ላይ የወደቀባቸው ግን ከበዙ ቦዲ የመቀየር ጉዳይ አላችሁ ማለት ነው።

«ሻተሩ 100,000 ካለፈ ካሜራው አለቀ»

በዚህ ምክንያት ብዙ ጤነኛ ካሜራ በርካሽ ይሸጣል። 6ዲ ለ100,000፣ 5ዲ ማርክ 3 ለ150,000 ተኩስ ተፈትኗል ማለት ያኔ ይሞታል ማለት አይደለም። በሰርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ 100,000ን በ50 ሰርግ ይሞላዋል፤ ከዚያም አልፈው ለዓመታት የሚሠሩ ካሜራዎች አሉ። ሻተሩ ሲሞትም የሚቀየር ዕቃ ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ ሌሎች ነገሮችን ይፈትሽ፤ ኤፍ 16 ላይ ሰማይ አንስቶ ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ ይፈልግ፤ ሁለቱም የካርድ ማስገቢያዎች መጻፋቸውን፣ ፍላሹ ከላይ ሲሰካ በየጊዜው መተኮሱን፣ ሌንሱ ሲገጠም አለመወዛወዙን ይይ።

አዲስ ቦዲ ለመፈተን የሚመች ጊዜ ጾመ ነቢያት ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የኦርቶዶክስ ሰርግ ስለማይኖር ለብዙዎች ሥራ ይቀዘቅዛል። ልትገዙት ያሰባችሁትን ቦዲ ለአንድ ቀን ተከራዩት። የራሳችሁን ሌንስ ግጠሙበት፤ በምትሠሩበት ዓይነት አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው በነጭ ልብስ አስቀምጣችሁ በአሮጌውም በአዲሱም በተመሳሳይ ሴቲንግ አንሱ። ሁለቱን በአልበም መጠን አሳትሙና የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሳትናገሩ ፎቶ አንሺ ላልሆነ ሰው አሳዩት። ልዩነቱ ታይቶ ለመግዛት ከወሰናችሁ ግዢው ከገና በፊት ይለቅ፤ ቀለበት በሚደረግባት ደቂቃ ጣት ቁልፉን ሳያይ ማግኘት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ልምምድ ያስፈልጋል።