ከሹክሹክታ እስከ ለሆሳስ

አማርኛ ዝቅ ላለ ንግግር ያሉት ቃላት ብዙ ናቸው፤ ሹክሹክታ፣ ማጉረምረም፣ ማጉተምተም፣ ማልጎምጎም፣ ማነብነብ፣ ማንጎራጎር፣ ለሆሳስ። በድምፅ መጠን ብቻ ቢመዘኑ እምብዛም አይራራቁም። የሚለያቸው ድምፁ ለማን ጆሮ እንደታሰበና ከማን እንደተሸሸገ ነው።

ሹክሹክታ ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ ተናጋሪ፣ ሰሚ፣ እንዲሁም እንዳይሰማ የተፈለገ ሌላ። ሦስተኛው ከሌለ በዝግታ ማውራት እንጂ ሹክሹክታ አይባልም። ሰው በተሰበሰበበት ሁለቱ ተነጥለው ቢንሾካሾኩ እንደ ነውር የሚታየው፣ የቀረው ሰው «ስለ እኔ ይሆን?» ብሎ ስለሚጠረጥር ነው። «ሹክ አለው» ሲባል ግን ነገሩ ይለሰልሳል፤ አንዱ ለሌላው የሚጠቅመውን ወሬ በጆሮው ጣል አደረገለት ማለት ነው።  በከብት ገበያ ዋጋው ጮክ ተብሎ ሲጠራ፣ በሬው ሰነፍ መሆኑን ግን ወዳጅ ለወዳጁ ሹክ ይለዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ ሹክሹክታ የፍርሃት ጓደኛ ነበር፤ ሰው በቤቱም ድምፁን ይቀንስ የነበረው «ጆሮ ጠቢ» የሚባለውን ወሬ አቀባይ ፈርቶ ነው።

ማጉረምረም የሹክሹክታ ተቃራኒ ነው። የሚያጉረመርም ሰው ቅሬታው እንዲታወቅለት ይፈልጋል፤ «ምን አልክ?» ተብሎ መጠየቅን ግን አይፈልግም። ስለዚህ ድምፁን ከሹክሹክታ ከፍ፣ ከግልጽ ንግግር ዝቅ ያደርገዋል። ማልጎምጎም ቅሬታው በግልጽ ከአፍ ሳይወጣ ሲብላላ ነው፤ ታዝዞ የማይወደውን ሥራ የሚሠራ ሰው ያልጎመጉማል። ማጉተምተም የግድ ቅሬታ አይጠይቅም፤ ቃላቱን ዋጥ ዋጥ የሚያደርግ ሁሉ ያጉተመትማል። ሩቅ ያለ ነጎድጓድም ያጉረመርማል መባሉ፣ የቃሉ ፍሬ ነገር የድምፁ ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ዛቻው ተሰምቷል፣ ዝናቡ ግን ገና አልመጣም።

ማነብነብ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይመስላል። በግእዝ «ነበበ» ተናገረ፣ «አንበበ» አነበበ ነው፤ ደጋግሞ በፍጥነት ማንበብ አነበነበን አስገኘ ማለት ይቻላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ደቡብ ጎንደር ነው። በድጓ ዜማ ምስክርነት የምትታወቀው የጋይንቷ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ዜማ የሚሰጥባት ዙር አምባ ያሉት እዚሁ ነው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የራሱን ምዕራፍ ለራሱ ጆሮ እየደገመ በቃሉ ይይዛል፤ የሁሉም ድምፅ ሲቀላቀል ከሩቅ የሚሰማ ሰው አንዱንም ቃል አይለይም። ትርጉሙን ሳይረዳ የሚደግም ተናጋሪ ዛሬ «ያነበንባል» እየተባለ የሚተቸው ከዚህ ተነሥቶ ይመስላል፤ ለተማሪው ግን ትችቱ አይገባውም፣ ዜማውን ሳይዝ ወደ ምሥጢሩ አይገባምና።

ለሆሳስ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። በቅዳሴ ሥርዓት ካህኑ ሕዝቡ ሳይሰማ የሚጸልያቸው ጸሎቶች አሉ፤ እነዚህ በለሆሳስ ይባላሉ። ሰሚው እግዚአብሔር ስለሆነ ከሰው የተሸሸገ ተንኮል የለበትም፤ የቃሉ ክብርም ከዚሁ ነው። በዕለት ንግግር «በለሆሳስ ተናገረ» ማለት በእርጋታና በትሕትና ተናገረ ማለት ሲሆን፣ «ተንሾካሾከ» በሚል ቢተካ ሰውየው ይሰደባል።  

ማንጎራጎር ሰሚ የለውም፤ ቢኖርም ራሱ አንጎራጓሪው ነው። ወፍጮ ላይ ያለች ሴት፣ ከብት የሚነዳ እረኛ፣ መንገደኛ ሆዳቸው ያለውን በዜማ ያወጣሉ፤ ስሙም እንጉርጉሮ ነው። እሹሩሩም የዚሁ ወገን ነው፤ ሕፃኑ ቃሉን እንዲረዳ ሳይሆን እንዲተኛ የሚባል። በገና ደግሞ ለዚህ የተሠራ መሣሪያ ይመስላል። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዝራ፣ ድምፁን ያርገበግበዋል፤ ደርዳሪውም ድምፁን ከዚያ ርግብግብ በላይ አያወጣም።

ቃል አልባ የሆኑትም አይዘነጉም። ከንፈር መምጠጥ ሐዘኔታን፣ እህህ የከረመ ሐሳብን፣ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ በአጭሩ ማሰማት ደግሞ «አዎ፣ እሰማለሁ» ማለትን ያመለክታል። የመጨረሻው ለውጭ አገር ሰው እንግዳ ነው፤ ሰውየው የደነገጠ ይመስለዋል።

የእነዚህ ቃላት አሠራር ልብ ሊባል ይገባል። አብዛኞቹ ድምፃቸውን ይደግማሉ፤ ሾካ-ሾከ፣ ጎራ-ጎረ፣ ረመ-ረመ፣ ጎመ-ጎመ፣ ነበ-ነበ። በእንግሊዝኛም ለማጉረምረም የሚቀርበው «መርመር» የሚባለው ቃል ከላቲን የመጣና ራሱን የደገመ ነው። በአማርኛ የሚያስገርመው የፊደላቱ ምርጫ ነው። ሰው ሲንሾካሾክ በጉሮሮ ያሉት የድምፅ አውታሮች አይርገበገቡም፤ የሚሰማው በጠባብ ክፍተት የሚያልፍ ትንፋሽ ነው። «ሹክሹክታ» የተሠራበት ሽ፣ ክና ት ሁሉም ያለ አውታር ርግብግብ የሚነገሩ ናቸው። አውታሩ የሚርገበገብባቸው ማጉረምረም፣ ማልጎምጎምና ማንጎራጎር ግን በግ፣ ር፣ ል፣ ምና ን ተሞልተዋል። ማጉተምተም በት ምክንያት ከሥርዓቱ ትንሽ ይወጣል።

የነገሮች ዝቅተኛ ድምፅ በ«አለ» ይነገራል። ደረቅ ቅጠል ኮሽ ይላል፣ ነፋስ ሽው ይላል፣ የጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። «ኮሽ የማይልበት አገር» የሰላም መግለጫ ነው፤ ትንሿ ድምፅ እንኳ ሰውን የምታስበረግግበት ዘመን ስላለ። ጸጥታም በዓይነት ይለያል። ሰው ዝም ይላል፤ አፉ ሲዘጋበት ጭጭ ይላል፤ ሰው የራቀው መንገድ ጭር ይላል፤ ሌሊት እርጭ ይላል። «መንገዱ ጭጭ አለ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም።

አማርኛን በመዝገበ ቃላት የማስፈሩ ሥራ ረጅም ነው፤ የኢዘንበርግ በ1841፣ የአንትዋን ዳባዲ በ1881፣ የቶማስ ኬን ሁለት ጥራዝ በ1990 እ.ኤ.አ. ታትመዋል፤ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም.። ከእንግዲህ መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው ለእነዚህ ቃላት «በዝቅተኛ ድምፅ መናገር» የሚል ፍቺ ሰጥቶ ማለፍ የለበትም፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ሰሚው ማን እንደሆነ፣ እንዳይሰማ የተፈለገውም ማን እንደሆነ መጻፍ ይኖርበታል።