ከማኅተም የሚወረስ ስንጥቅ

አቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ያሳተመችው ባለ ጉጉት የብር ሳንቲም 17 ግራም ያህል ይመዝናል። ብሩ በከተማዋ አቅራቢያ ካለው ከላውሪዮን ማዕድን የወጣ፣ ጥራቱ የተመሰከረለት ነው። ከአንድ ወገን አቴና የተባለችው አምላክ፣ ከሌላው ጉጉትና የወይራ ቅጠል ይታያሉ። ይሁንና የአምላኳ የራስ ቁር ጎፈር በአብዛኞቹ ላይ ጎድሎ ይገኛል፤ ቁራጩ ብር ከምስሉ ስለሚያንስ ወይም መሐሉን ስቶ ስለተመታ ጎፈሩ ከጠርዙ ውጭ ቀርቷል።

ሥራው ሁሉ በእጅ ነበር። ቀራጩ ምስሉን በነሐስ ወይም በብረት ማኅተም ላይ ገልብጦ፣ ወደ ውስጥ አጎድጉዶ ያወጣዋል። አንደኛው ማኅተም መስፍ ላይ ይተከላል፤ ሁለተኛውን ሠራተኛው በእጁ ይይዘዋል። የብር ቁራጩ በሁለቱ መካከል ይገባና መዶሻ ያርፍበታል። የላይኛው ማኅተም ምቱን በቀጥታ ስለሚቀበል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

መዶሻው ሲደጋገምበት ማኅተሙ ይሰነጠቃል። ስንጥቋ መጀመሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን ናት፤ ብሩ ግን በምቱ ኃይል ወደ ውስጧ ይገባል። ስለዚህ ማኅተሙ ላይ ክፍተት የነበረው ሳንቲሙ ላይ ጎልቶ የወጣ መስመር ይሆናል። ከማኅተሙ ቁራሽ ተሰብሮ ከወደቀም ምስል በነበረበት ቦታ ቅርጽ የለሽ እብጠት ይቀራል። የተሰነጠቀ ምጣድ በእያንዳንዱ እንጀራ ጀርባ መስመሩን እንደሚተው፣ ከዚያ ማኅተም የወጣ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ጠባሳ ይይዛል። ከጠርዝ ወደ ውስጥ ተሰንጥቆ የተከፈተው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ብሩ ራሱ በምቱ ተቀድዶ ነው፣ በአንዱ ሳንቲም ላይ ብቻም ይቀራል።

ይህ ልዩነት ለታሪክ አጥኚ ትልቅ ሀብት ነው። የማኅተም ስንጥቅ ይሰፋል እንጂ አይድንም። እናም ከአንድ ማኅተም ከወጡና ዓመት ካልተጻፈባቸው ሁለት ሳንቲሞች መካከል ስንጥቁ አጭር የሆነው ቀድሞ መመታቱን ያለ ጽሑፍ እናውቃለን። የታችኛው ማኅተም ሳይለወጥ የላይኛው ተሰብሮ ሲተካ ደግሞ አሮጌውና አዲሱ በታችኛው በኩል ይያያዛሉ፤ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል። ፊንላንዳዊው ምሁር ላውሪ ቱዴር እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናቱ፣ ቀራጮች ስማቸውን ያሳረፉባቸውን የሲራኩስ የብር ሳንቲሞች ማኅተም በማኅተም አቀናጅቶ በቅደም ተከተል አስቀምጧል። ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

ከምት ስሕተቶች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ በሮም የብር ዲናሮች ላይ የሚገኘው ነው። የተመታው ሳንቲም የላይኛው ማኅተም ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሠራተኛው ሳያየው አዲስ ቁራጭ አስገብቶ ይመታል። አዲሱ ቁራጭ ከታች የራስ ምስል ጎልቶ ይወጣለታል፤ ከላይ ግን የተጣበቀው ሳንቲም ፊት ያርፍበታል። ያን ሳንቲም ብታገላብጡት በአንድ ወገን ጎልቶ ወደ ቀኝ የሚያይ ራስ፣ በሌላው ያው ራስ ተገልብጦ፣ ጎድጉዶ ወደ ግራ ሲያይ ታገኙታላችሁ። የሠራተኛው ጥድፊያ እዚያ ላይ እንዳለ ተቀምጧል።

ጉድለት ሐሰተኛንም ያጋልጣል። ከአንድ እውነተኛ ሳንቲም ቅርጽ ወስዶ አቅልጦ የሚያፈስ አስመሳይ የዚያን ሳንቲም የጠርዝ ቅዳጅና ጭረት ጭምር ይገለብጣል። ማኅተም ሊያወርሰው የማይችለው አንድ ዓይነት ቅዳጅ በሁለት ሳንቲሞች ላይ ከታየ ቢያንስ አንዱ ሐሰተኛ ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። ከንጉሥ ኤንዱቢስ ጀምሮ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መታተም የጀመሩት የአክሱም ሳንቲሞች፣ የወርቁም የብሩም የነሐሱም፣ ዓመት የላቸውም፤ ከነገሥታቱም አንዳንዶቹን የምናውቃቸው በሳንቲሞቻቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የማኅተም ዱካቸው ትልቅ ዋጋ አለው። ነሐሱ ግን መሬት ውስጥ ዝጎ ይገኛል፤ ሻጭ እንዲያበራ ብሎ በአሲድ ሲያጥበው ወይም በሽቦ ብሩሽ ሲፍቀው ቀጭኑ መስመር አብሮ ይበላል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ የተለበጠችው ቀጭን ወርቅም ትላጣለች።