140 ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ

በላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ፣ በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ በስማዳዋ ወገዳ ወይም በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የቢሮ ጣሪያ ላይ የሚመታው ቆርቆሮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። አያቶቻችን ሃያ ሳንቲሜትር አድርገው ይከድኑት የነበረውን ሣር ያህል ሙቀት እንዲይዝ ቢፈለግ ስንት መወፈር ነበረበት? ብረት ሙቀትን ከሣር ክዳን 700 እጥፍ ያህል ያስተላልፋል። ሃያ ሳንቲሜትር በ700 ሲባዛ 140 ሜትር ይመጣል። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ 200 ሜትርን በጥቂት ያልፋል። የዚያን ሁለት ሦስተኛ የሚያህል ድፍን ብረት በወረዳ ቢሮ ላይ መጫን ማለት ነው!

እርግጥ ከቆርቆሮው በላይና በታች ተጠግቶ የሚቆየው ስስ አየርም ጥቂት ይከላከላል። እሱንም ቆጥረን 20 ካሬ ሜትር ወደሆነች አንዲት ክፍል እንግባ። ውጭው 8 ዲግሪ ነው፤ ውስጡ 18 እንዲሆን ተፈልጓል እንበል። ኮርኒስ ከሌለ በጣሪያው ብቻ የሚያመልጠው ሙቀት 1,400 ዋት ያህል ይደርሳል፤ በሣር ክዳን ቢሆን 70 እንኳ አይሞላም። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ገላ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ በሣሩ ሥር አንድ ሠራተኛ በገላው ብቻ ጣሪያው የሚያስወጣውን ይተካል። በቆርቆሮው ሥር ግን ያቺ ክፍል 14 ሰው ትፈልጋለች።

በኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንተካው ቢባል፣ ለአንድ ጠዋት አራት ሰዓት ብቻ 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ይህ አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል ከ600 ሰዓት በላይ ያበራል። ማሞቂያ በሌለበት ቢሮ ደግሞ ወጪው በሥራ ሰዓት ይከፈላል። ጠዋት ግቢ ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁትን ሠራተኞች ሰነፎች የሚላቸው ሰው እስቲ እጁ እስኪደነዝዝ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጻፍ።

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ሽቅብ እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። የክፍሉ እርጥበት ከሥሩ ጤዛ ይሆንና ጠዋት ጠብ ጠብ እያለ ፋይል ያርሳል፤ ዝናብ ግን አልዘነበም። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ 200 ኪሎዋት ያህል ፀሐይ ይቀበላል፤ የመቶ ትልልቅ ማሞቂያዎች ኃይል ነው። ሲመሽ ከዚያ ሁሉ የሚተርፍ የለም።

በታች ጋይንት የቤተልሔም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አራት ማዕዘን ሆኖ ሳለ፣ በክብ ሣር ክዳን ሕንፃ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የኖረው። ደራሲው ቶማስ ፓክነሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ሲደርስ ያስደነቀው ይኸው በቤት ውስጥ ያለ ቤት ነበር። ለቢሮም ሁለት ሽፋን ይበቃዋል፤ ቆርቆሮው ዝናቡን ይመልስ፣ ከሥሩ በጭቃ ተለስኖ ከእሳትና ከአይጥ የተጠበቀ 10 ሳንቲሜትር ጭድ ሙቀቱን ይያዝ። 1,400ው ዋት ወደ 100 ገደማ ይወርዳል።

ጣና ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 በላይ። በዚህ ልዩነት አየሩ ወደ 8 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለባሕር ዳር የሚስማማ ፕላን ለነፋስ መውጫ አይሆንም። በታኅሣሥ፣ ብርዱ በሚጠናበት ወር፣ የቀትር ፀሐይ በዚህ አገር ከአናት 35 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት ሙቀቱን የሚያስገባው በሚፈለግበት ወር ነው። መስኮቱ ብርሃንም ያስገባል፤ የቀትር ብርሃን በብርሃን መለኪያው 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ለጠረጴዛ 500 ይበቃል፣ ከሁለት መቶ አንዱ እጅ ማለት ነው። መስኮቱን ከምዕራብ ወደ ደቡብ ለማዞር ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ ሳለ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።