የተዋናዩ ልብስና የሕፃኑ እምነት

የመልካም ተዋናይ ሙያ የራሱን ፊት ሸሽጎ የሌላውን ሰው ጠባይ በእውነት ማሳየት ነው። በዚህ ሙያ እጅግ ከታወቁት እንግሊዛውያን አንዱ አሌክ ጊነስ ነበር። ስለ እርሱ ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነው ዝናውን ለማወደስ ብቻ ሳይሆን፥ አንድ ሕፃን ለእርሱ የሰጠውን ትምህርት ለወላጆች ለማካፈል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊነስ በ1914 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። በልደት ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም አልተጻፈም፤ አባቱ ማን እንደ ሆነም በእርግጥ ሳያውቅ ኖረ። በወጣትነቱ የንግድ ማስታወቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀ ይተዳደር ነበር፤ ልቡ ወደ ቴአትር ስላደላ ግን ይህን ሥራ ትቶ ወደ መድረክ ወጣ። በ1938 ዓ.ም.፥ ገና በሃያ አራት ዓመቱ፥ ኦልድ ቪክ በተባለው ቴአትር ቤት ሐምሌትን ሆኖ ተጫወተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በባሕር ኃይል አገለገለ።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፊልም ገባ። በ1948 ዓ.ም. በ«ኦሊቨር ትዊስት» ሕፃናትን ስርቆት የሚያስተምረውን ሽማግሌ ሆነ። በ1949 ዓ.ም. በታየ አንድ አስቂኝ ፊልም ደግሞ የአንድ መኳንንት ቤተ ሰብ ስምንት አባሎችን፥ ጄኔራሉን፥ ቄሱን፥ ወይዘሮዋን ሳይቀር፥ ብቻውን ተጫወተ።

በ1954 ዓ.ም. በታየው «ፋዘር ብራውን» በተባለው ፊልም የካቶሊክ ካህን ሆነ። ፊልሙ በፈረንሳይ አገር፥ በቡርጎኝ ሲነሣ፥ አንድ ምሽት የካህን ቀሚሱን እንደ ለበሰ ወደ ማደሪያው በእግሩ ይመለስ ነበር። ድንገት አንድ ትንሽ ልጅ ወደ እርሱ ሮጦ «አባቴ» ብሎ እጁን ያዘው። እያጫወተውም አብሮት ተጓዘ፤ ጊነስ ግን ልጁ እንዳይደነግጥ ፈርቶ ዝም አለ። ልጁም በመጨረሻ ተሰናብቶት ሄደ። ሕፃን በማያውቀው ሰው ላይ ይህን ያህል መታመኑ የካህኑን ልብስ ስላየ ብቻ መሆኑ፥ የተዋናዩን ልብ እጅግ ነካው።

በእነዚያው ዓመታት አንድ ልጁ ማቴዎስ በልጅነት ልምሻ ታመመ። አባትዮው ወደ ቤተ ክርስቲያን እየገባ ይጸልይለት ነበር፤ ልጁም ዳነ። ጊነስ በ1956 ዓ.ም. የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነ።

በ1957 ዓ.ም. በ«የክዋይ ወንዝ ድልድይ» ፊልም የተማረከውን የእንግሊዝ ኮሎኔል ሲጫወት፥ ከጠባቡ እስር ቤት እየተንገዳገደ የወጣበትን አረማመድ የወሰደው ከሕመሙ ሲያገግም ካየው ከገዛ ልጁ ነው። በዚህ ሥራው የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ በ1959 ዓ.ም. የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1962 ዓ.ም. በ«የዐረብያው ሎረንስ» ልዑል ፈይሰልን፥ በ1977 ዓ.ም. በ«ስታር ዎርስ» ኦቢ ዋን የተባለውን አረጋዊ መምህር ሆኖ ታየ። በ2000 ዓ.ም. በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልናስብበት የሚገባን የዚያ መንገድ ነገር ነው። ሕፃኑ የሰውየውን ልብ አልመረመረም፤ ልብሱን አይቶ አመነ። የእኛም ልጆች አባት፥ እናት፥ መምህር፥ ካህን የሚለውን ስም ሰምተው እንዲሁ እጃቸውን ይሰጡናል። ተዋናይ የሥራ ልብሱን ማታ ያወልቃል፤ እኛ የተሸከምነው ስም ግን ማታ የሚወልቅ አይደለምና፥ የተሰጠንን እጅ በእውነት እንያዝ።