ሆደ ብርቱካንና ግንባረ ቢጫ

በቀቀን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሽቦ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሰው ቃል የሚደግመውን የባዕድ አገር ወፍ ነው። የድሬዳዋ ሰው ግን ያን ያህል መራቅ አያስፈልገውም። ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ በተዘረጋው የግራር ቆላ ውስጥ አገር በቀል በቀቀን አለ። የቅርብ ዘመዱ ደግሞ በባቡሩ መስመር ሌላኛው ጫፍ፣ በአዲስ አበባ አካባቢ ደኖች ይኖራል። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው (እ.ኤ.አ.) ሁለቱ ወፎች ቆላውንና ደጋውን ከተከፋፈሉ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው።

ሁለቱ በሳይንስ አመዳደብ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። የሳይንስ ስማቸውንም ያገኙት ከአንድ ሰው፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ከጎበኘው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የቆላውን «ሩፊቬንትሪስ» አለው፤ ቀይ ሆድ ማለት ነው። የደጋውን «ፍላቪፍሮንስ» አለው፤ ቢጫ ግንባር። እኛ ሆደ ብርቱካንና ግንባረ ቢጫ እንበላቸው።

ግንባረ ቢጫ ጠንከር ያለ አካል አለው፤ ርዝመቱ እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ገላው አረንጓዴ ሆኖ ራሱ ላይ ቢጫ ሻሽ የጣለ ይመስላል። በዝግባ፣ በጽድና በኮሶ ደን ውስጥ ይውላል። የኢትዮጵያ ብርቅዬ ከሚባሉት አእዋፍ አንዱ ነው፤ ወደ ወንዶ ገነትና ወደ ባሌው ሐረና ደን የሄደ የወፍ ተመልካች ሳይፈልገው አይመለስም።

ሆደ ብርቱካን አነስ ይላል፤ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ አመድማ ቡናማ ነው፤ እንደ ደረቁ ምድር። ክልሉም ሰፊ ነው፤ ከኢትዮጵያ ቆላ ተነሥቶ በሶማሊያና በኬንያ አልፎ እስከ ሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ ይዘልቃል።

የወገን ነገር ሆኖ የሚመሳሰሉባቸውም አሉ። ሁለቱም እንደ በቀቀን ሁሉ ሁለት ጣታቸው ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ስለሆኑ ቅርንጫፍ አጥብቀው ይይዛሉ። ፍሬና ዘር ይበላሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ሆደ ብርቱካን በኩይሳ ውስጥም ጎጆ እንደሚያደርግ ታውቋል።

አሳሳቹ ነገር ያለው ጾታቸው ላይ ነው። የግንባረ ቢጫ ወንድና ሴት በቀለም እምብዛም አይለያዩም፤ ጥንዶቹን ያየ ሰው ማን አባወራ ማን እመቤት እንደሆነች ለመለየት ይቸገራል። ሆደ ብርቱካን ግን ስሙን ያገኘው ከወንዱ ብቻ ነው። ብርቱካንማው ደረትና ሆድ የወንዱ ጌጥ ነው፤ የሴቷ ሆድ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ የሚመሳሰሉትን አንድ፣ የማይመሳሰሉትን ሁለት ብሎ የሚቆጥር ዓይን እዚህ ይስታል።

ድሬዳዋ ዳር፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ አንድ ግራር ላይ ሁለት በቀቀኖች ቢያዩ፣ አንዱ ሆዱ ብርቱካንማ፣ ሌላው አረንጓዴ ቢሆን፣ «ሁለት ዓይነት ወፍ ተገናኘ» አይበሉ። ባልና ሚስት ናቸው። ያኛውን ዝርያ ለማየት የሚሻ ባቡር ይሳፈርና ወደ ደጋው ይውጣ፤ እዚያ ሲደርስ ሆዱን ትቶ ራሱን ይመልከት።