የሐኪም ቤት ካርድ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ከማንኛውም ሥራ ይልቅ ለሐኪም ቤት የሚስማማ ነው። ሐኪም በየቀኑ ብዙ ሰው ስለሚያይ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ሊያስታውስ አይችልም፤ የሚያስታውሰው ካርዱ ነው። ቀድሞ የታመመው ሕመም፤ የተሰጠው መድኃኒት፤ የማይስማማው መርፌና የደም ምርመራው ውጤት በካርዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ካርድ ጠፋ ማለት የሕመምተኛው ታሪክ ጠፋ ማለት ነው።

የወረቀት ካርድ ሦስት ጉድለት አለበት። አንደኛ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስፍራ በቀር አይገኝም። ሁለተኛ፤ እርጥበትና አይጥ ያበላሹታል፤ ይህም ዝናብ ለሚበዛበት ለከፋ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፤ ከሕመምተኛው ጋር አይጓዝም። ከተማችን ዋጫ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዚህ ሕመም የጸናበት ሰው ወደ ቦንጋ፤ ካልሆነም እስከ ጅማ ሲላክ የሚይዘው አጭር የሪፈር ወረቀት ነው፤ ዋናው ካርድ ከኋላ ይቀራል። ደም ለሚፈሳት ወላድ እናት ምርመራው እንደገና ከመጀመሪያ ቢጀመር የሚያልፈው ሰዓት የሕይወት ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ይህን ችግር ለማስወገድ የታሰበው መድኃኒት የሕመምተኛውን ታሪክ በኮምፒዩተር መያዝ ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የሬገንስትሪፍ ተቋም ሐኪሞች በ1972 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሥራ ጀምረው ነበር። በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከአሜሪካው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፤ አስቀድሞ በዛምቢያ የተሠራውን «ስማርት ኬር» የተባለ አሠራር በአንዳንድ ሆስፒታሎች አስገብቷል፤ የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ከእነዚህ አንዱ ነው።

ነገር ግን ኮምፒዩተር ስለተገዛ ብቻ ሥራው አይቃናም። በአምስት ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከሠራተኞቹ የሚበልጡት በአሠራሩ ያልረኩ መሆናቸውን ገልጿል። ምክንያቱን ማሰብ አያስቸግርም። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ወደ ወረቀት ይመለሳሉ። ወረቀቱም ኮምፒዩተሩም አብረው ሲኖሩ ነርሷ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ትጽፋለች፤ የሚጠብቀውም ሰልፍ ይረዝማል።

ከዚህ ሌላ የፊደላችን ነገር አለ። ኃይሌ፤ ሐይሌና ሀይሌ ለጆሯችን አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ካልተማረ በቀር ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ከፍኛ ስምም በአማርኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ሦስት መዝገብ ሊኖረው፤ ወይም የሌላ ሰው ታሪክ ሊሰጠው ይችላል። እንግዲህ ከስም ይልቅ የማይለወጥ ቁጥር ያስፈልጋል፤ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርም ለዚህ የሚረዳ ይመስለኛል።

ምስጢርም ሊጠበቅ ይገባል። አንድ ካርድ የሚሰርቅ ሌባ የሚያገኘው የአንድ ሰው ምስጢር ነው፤ ኮምፒዩተሩን የሰበረ ግን የአገሩን ሁሉ ምስጢር ይወስዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤናን ነገር ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። ሕጉ የሚሠራው ግን ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ለጓደኛው ሳያውስ ሲቀር ነው።

በእኔ አሳብ ሥራው ደረጃ በደረጃ መሄድ አለበት፤ ይኸውም በመጀመሪያ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል፤ ቀጥሎ የሠራተኞች ትምህርት፤ ከዚያም በአንድ ክፍል ሙከራ አድርጎ ወረቀቱን ማስቀረት ነው። ወላጆችም በበኩላቸው ሐኪም ቤት ሲሄዱ ስማቸውን፤ የአባትና የአያት ስማቸውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቢያስጽፉ ትልቅ እርዳታ ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሒሳብንና ባዮሎጂን አጣምረን ብንማር፤ ይህን መሣሪያ ለአገራችን ፊደልና ለአገራችን መንገድ የሚስማማ አድርገን ለመሥራት እንበቃለን።